ስለ ሳጂዳና ስለ ኮከቦቹ የሰማኸው

ለወንድሜ ለሙአዊያ ሀሚዱ፣ ካለህበት ሪያድ።

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ አንተ ካለህበት ደጅ ይድረስ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለፈው ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጬ ስውል ያመኛል ብለህ ነበርና እናታችን እሱን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። ሙቀቱ ጀመራችሁ ወይ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? አብረውህ የሚኖሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባታችን ጉልበት እንደ ልማዱ ትንሽ ያስነክሰዋል እንጂ ሌላ ሕመም የለበትም። እናታችንም ብርቱ ነች። በልጉ ዘንድሮ አልከዳንም፤ ሐይቁ ዳር የተከልነው ሽንኩርት ጥሩ ሆኖ ወጥቷል።

በስልክ ድምፅ መላክ ስችል ለምን ወረቀት እንዳነሳሁ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ስናወራ አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ እመልስልሃለሁ፣ መሐል ላይ ኔትወርኩ ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ በተቋረጠው ነገር ተኮራርፈን እንሰነብታለን። ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ይነበባል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የአጎታችን ልጅ ሐቢብ ነው፤ ፈቃዱን ጨርሶ ሊመለስ ተዘጋጅቷል። ምን እንደጻፍኩ አልነገርኩትም።

ነገሩ የእህታችን የሳጂዳ ነው። እዚህ የማሰፍረው ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው። ለእሷም ለአንተም ሳላዳላ ለመጻፍ ሞክሬአለሁ።

አንተ ከቤት ስትወጣ ሳጂዳ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። አሁን አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ቁመቷም ከኔ በልጧል። በዚህ ዓመት መጀመሪያ የፊዚክስ አስተማሪያቸው መምህር ሙዘይን ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፍለው ለየቡድኑ አንዳንድ ርዕስ ሰጡ። ሥራው ኢንተርኔት ላይ ራሳቸው ፈልገው፣ አንብበው፣ ለማያውቅ ሰው በሚገባ መንገድ ማስረዳት ነው። ለሳጂዳ፣ ለጓደኛዋ ለሪታጅና ጋራዥ ላለው ጎረቤታችን ልጅ ለኢምራን የደረሳቸው ስለ ከዋክብት ሕይወት ነበር። ኮከብ እንዴት ይወለዳል፣ ምን ያህል ይኖራል፣ እንዴትስ ይሞታል የሚል ነው። መጀመሪያ የነገረችኝ ቀን "ኮከብ ደግሞ ይወለዳል እንዴ?" ብዬ ሳቅሁባት። "እኔም መምህሩን እንደሱ ነው ያልኳቸው" አለችኝ።

የትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት አንድ ቀን ከሠራ ሦስት ቀን አይሠራም። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ወደ እኔ የማተሚያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ይመጡ ነበር። መብራት ሲኖር በኮምፒዩተሩ፣ መብራት ሲጠፋ አንተ በላክህላት ስልክ ያነባሉ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዲት አንቀጽ ለመጨረስ መዝገበ ቃላት እያገላበጡ ሲከራከሩ ደንበኛ ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸው ነበር። ያነበቡትን እራት ላይ ትነግረናለች። ኮከብ የሚወለደው ከጋዝና ከአቧራ ደመና ነው። ደመናው በገዛ ክብደቱ እየተጨመቀ፣ መሐሉ እየጋለ ይሄድና ይቀጣጠላል። ትልቁ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል፤ ትንሹ እየቆጠበ ብዙ ይኖራል። ትልልቆቹ ሲሞቱ ይፈነዳሉ፤ በሰው ደም ውስጥ ያለው ብረት እንኳ ዱሮ ከሞቱ ኮከቦች የመጣ ነው። እናታችን ይህን ስትሰማ "ታዲያ ሐኪሙ ደም ማነስ አለብሽ ያለኝ ኮከብ አንሶሽ ነው ማለቱ ነው?" አለችና ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባታችንም ስቋል።

ልጅቷን እንድታውቃት አንድ ነገር ልጨምርልህ። ፈረንጆች ቤቴልጅዩስ የሚሉት ቀይ ኮከብ አለ፤ ስሙ የመጣው አንተ ከምትናገረው ዓረብኛ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብርሃኑ በድንገት ደበዘዘና ሊፈነዳ ነው ተባለ። ኢምራን ይህን የሚያወራ ገጽ አግኝቶ "በትልቁ እንጻፈው፤ ‘ኮከቡ በቅርቡ ይፈነዳል’ ብንል ሰው ሁሉ ወደኛ ጠረጴዛ ነው የሚመጣው" አለ። ሪታጅም ወደደችው። ሳጂዳ ግን "ማን አየው? ማን ለካው?" አለች። "ኢንተርኔት ላይ አለ እኮ!" አላት። "ኢንተርኔት ላይማ ሁሉም አለ" ብላ ፍለጋውን ቀጠለች። ብዙ ቀን ፈጅቶባት በመጨረሻ ኮከቡን በትልልቅ መነጽር የተከታተሉ ሰዎች የጻፉትን አገኘች። ኮከቡ ራሱ የተፋው ነገር ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ ብርሃኑን ጋርዶት ነው እንጂ ሊሞት ተቃርቦ አልነበረም። መሞቱ አይቀርም፤ መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ኢምራን ሁለት ቀን አኮረፋት፤ በሦስተኛው ቀን የጻፈውን ራሱ ሰረዘው።

እንግዲህ ወሬው የት እንደተነሳ ልንገርህ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንደሚባለው፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ከተማውን ከዞረ በኋላ ነው። ከበታቻችን ያለችው እትዬ ዙለይሃ ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ስትል፣ የሀሚዱ ልጅ ኮከብ ታያለች የሚል ነገር ትሰማለች። አንድ ቀን ከጓሮዋ ሎሚ ለቅማ በዘንቢል ይዛ ሱቅ መጣች። እኔ ለራሴ መስሎኝ ተቀበልኳት። እሷ ግን ሳጂዳ አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለችና "የልጄና የሙሽራዪቱ ኮከብ ይገጥም እንደሆነ እይልኝ፤ የሁለቱንም የእናት ስም ይዤ መጥቻለሁ" አለቻት።

ሳጂዳ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ኋላ ግን በትሕትና "እትዬ፣ እኛ የምናነበው ኮከቦቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ ነው። ሰው ከማን ጋር መኖር እንዳለበት የሚያውቅ ኮከብ የለም" አለቻት። "ለሌላው ታይ የለም እንዴ? ለኔ ሲሆን ነው?" አለች እትዬ ዙለይሃ። እኔም ገብቼ ላስረዳት ሞከርኩ። ሎሚዋን አንስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አንዱ ላንዱ ሲቀባበለው ነገሩ አበጠ። ሳጂዳ ጥንቆላ ጀመረች ተባለ። አንድ ጊዜ መምህሩ ከነባለቤታቸው ተማሪዎቹን ሐይቁ ዳር ወስደው፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የትኛው ኮከብ የቱ እንደሆነ አሳይተዋቸው ነበር። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ዒሻ ሳይደርስ ነው የተመለስነው። ይህም ተጨመረና ከወንዶች ጋር ሐይቅ ዳር ታመሻለች ተባለ። ሐቢብ ለፈቃድ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። እትዬ ዙለይሃ ነገረችው፤ እሱ ለአንተ ነገረህ።

የድምፅ መልእክትህ የደረሰን እራት ላይ ሆነን ነው። አባታችን እንደ ወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችንም አሰማን። "ስልክ የገዛሁላት ለትምህርት እንጂ ለጥንቆላና ከወንድ ጋር ለመዞር አይደለም። ዛሬውኑ ተቀበሏት" ብለሃል። የጻፍኩት ቃልህን ነው። ሳጂዳ እጇን ታጥባ ተነሳች፤ ስልኩን አምጥታ አባታችን ፊት አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። "ምን እንዳደረግሁ የሚጠይቀኝ የለም?" አለች። አባታችን ስልኩን ልብሱ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

ያኔ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሥራቸውን ውጫሌ ላይ የሚያሳዩበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንደኛ የወጣው ቡድን ደሴ ሄዶ ይወዳደራል። ያወረዷቸው ሥዕሎች፣ ያነበቧቸው ገጾችና ከየት እንዳነበቧቸው የሚያሳየው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። በዚያ ላይ መብራት ጠፋና ሱቄም ብዙ ቀን ሳይሠራ ቆየ። ልጆቹ ካርቶን ለምነው፣ የሚያስታውሱትን በእጃቸው ሣሉ። ሪታጅ ቀለም ትቀባለች፣ ኢምራን ይጽፋል፣ ሳጂዳ በቃሏ ትነግራቸዋለች። በቤት ውስጥ ከአባታችን ጋር ከሰላምታ በቀር አትነጋገርም ነበር።

አንድ ቀን መምህር ሙዘይን ቤት መጡ። አባታችን ገና ሳያስቀምጣቸው "ልጄ ኮከብ ቆጣሪ ተባለች። ያስተማሯት እርስዎ ነዎት?" አላቸው። መምህሩ "ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የተባለችውን ግን አላስተማርኳትም" አሉት። ብዙም አልተከራከሩም። "ውጫሌ መጥተው በዓይንዎ ይዩ፤ ካልወደዱት ከዚያው ይዘዋት ይሂዱ" ብለውት ወጡ።

አባታችን በዚያው ሳምንት ከጁምዓ በኋላ ሼህ ሰዓድን ሊጠይቅ ሄደ። የተባባሉትን ራሱ ነው የነገረን። ሼሁ "በኮከብ ዕድል መናገር ሐራም ነው፤ እሱን አንተም ታውቃለህ። አላህ የፈጠረውን ማወቅ ግን ከዚያ ጋር ምን አገናኘው? ዱሮ መንገደኛ ሊሰግድ ሲል ቂብላውን በምን ይለይ ነበር? ልጅቷ የምታደርገው የትኛውን ነው?" አሉት። አባታችን "ሰዎች የሚሉት..." ብሎ ሲጀምር "ሰዎቹን አይደለም ያልኩህ። እሷን ጠይቀሃታል?" አሉት። "አልጠየቅኋትም" አላቸው።

ከዚያ ሲመለስ "ትሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ" አለ። ስልኩን ግን "ለሙአዊያ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ከእሱ ጋር ሳልነጋገር አላወጣም" አለን። ሁለት ጊዜ ደወለልህ፤ አልተነሳም። ሥራ ላይ ሆነህ እንደሆነ እናውቃለን።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አባታችን፣ እኔና ልጆቹ በሚኒባስ ውጫሌ ገባን። አዳራሹ ሙሉ ነው። አንዱ ውሃ ማጣሪያ ሠርቶ መጥቷል፤ አንዱ ከቆሻሻ ጋዝ አውጥቷል። የሳጂዳ ቡድን ካርቶኖቹን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ከደመናው ጀምሮ እስከ ፍንዳታው በቅደም ተከተል ተሥሏል። አባታችን ልጅቷ እንዳታየው ከኋላ ሰው መሐል ቆመ። እሷ ግን አይታዋለች።

ሰው ተሰብስቦ ስትናገር አንድ ጎልማሳ እየሳቀ "እስቲ የኔንም ኮከብ እዪልኝ፤ ዘንድሮ ሚስት አገኛለሁ?" አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊቷ ቀላ። አባታችንን ቀና ብላ አየችውና ወደ ሰውዬው ዞረች። "ጋሼ፣ ኮከቡ እርስዎን አያውቅዎትም" አለችው። "እኛ እሱን ለማወቅ እንደክማለን እንጂ እሱ ስለኛ የሚያውቀው ነገር የለም። ሚስት ከፈለጉ ሽማግሌ ይላኩ።" ሳቁ ወደ ሰውዬው ዞረ።

ከዚያ ከኋላ የአባታችን ድምፅ ተሰማ። እንደማያውቃት ሰው ሆኖ ነው የጠየቃት። "ፀሐይም ኮከብ ናት ብለሻል። እሷም ትሞታለች ማለት ነው?"

"አዎ፣ ትሞታለች" አለችው። "አትፈነዳም፤ ለመፈንዳት ትንሽ ናት። መጀመሪያ አብጣ ትቀላለች፣ ኋላ ላይ ልብሷን እንደማውለቅ ብላ ትንሽ ነጭ ኮከብ ሆና እየቀዘቀዘች ትሄዳለች። እስከዚያ ግን አምስት ቢሊዮን ዓመት ያህል አላት።"

"ከዚያ በፊት ቂያማ ቢመጣስ?"

"እሱን የሚያውቀው አላህ ነው። እኛ ያነበብነው ስለ ነዳጇ ብቻ ነው።"

አባታችን ራሱን ነቀነቀ። "የተፈጠረ ሁሉ ማለቁ አይቀርም" አለ፤ ለእሷ ይሁን ለራሱ አልለየሁም።

ቀጥሎ ዳኞቹ መጡ። ሦስት ነበሩ። ሥዕሉን ወደዱት፤ ስለ ቀዩ ኮከብ የተናገረችውንም ወደዱት። ከመካከላቸው አንዷ "ይህን የት አነበባችሁት? ምንጫችሁን አሳዩን" አለች። ኢምራን መሬት መሬት አየ። ሳጂዳ "ስልክ ላይ ነበር" አለች። "ስልኩስ?" "ቤት ቀርቷል።" ሴትዮዋ "የኢንተርኔት ምርምር ሆኖ ምንጩ ከሌለ እንዴት ነጥብ እንስጥ?" ብላ ጻፈችና አለፉ። አባታችን ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ቆሞ ይሰማ ነበር።

አንደኛ የወጣው ውሃ ማጣሪያው ነው፤ የሚገባውም ነበር። የሳጂዳ ቡድን የተሳትፎ ወረቀት ተሰጠው። ምንጩ ቢኖር ያሸንፉ እንደነበር ማወቅ አይቻልም፤ መምህሩም እንደሱ ብለዋል።

በሚኒባስ ተመለስን። ሐይቅ ስንወርድ አባታችን ሳጂዳን ጠራትና "ሴትዮዋ ስትጠይቅሽ ለምን አባቴ ወሰደው አላልሽም?" አላት።

"እዚያ ሁሉ ሰው ፊት?" አለችው።

ባጃጅ ልጠራ ስል በእጁ ከለከለኝ። በዚያ ጉልበቱ እስከ ቤት በእግሩ ሄደ። እንደገባ ሳጥኑን ከፍቶ ስልኩን አወጣ፤ በሁለት እጁ ሰጣት። "አላህ ይስጥህ አባ" ብላ ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አልከፈተችውም። እናታችን ለምን ብትላት "የኔ መሆኑን ሳውቅ እከፍተዋለሁ" አለቻት።

አሁን ሦስቱም እንደ በፊቱ ሱቅ ይመጣሉ። የሚያነቡትን ሁሉ ከነምንጩ በወረቀት ያትማሉ። ትልልቆቹ ኮከቦች ሲሞቱ ጥለውት የሚሄዱት፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ የሰሞኑ ክርክራቸው እሱ ነው። የእትዬ ዙለይሃ ልጅም አገባ፤ ኮከቡን ያስቆጥር አያስቆጥር አላውቅም። ሳጂዳ ተጠርታ ሄዳ ለሙሽራዪቱ ሂና ስትቀባ ውላለች።

ለሐቢብ ነገሩን ሳነሳለት "የሰማሁትን ነው የነገርኩት" አለኝ። አላስቀየምኩትም፤ አንተም አታስቀይመው። አንተንም ልወቅስህ አይደለም። ርቆ ያለ ሰው የሚደርሰው ወሬ ብቻ ነው፤ እዚያ ሆኖ ለእህት መጨነቅም ደንብ ነው። ምን ማድረግ እንዳለብህ አልነግርህም። የሆነውን ማወቅ አለብህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

እናታችን አንተ ለዐረፋ ከእኛ ጋር ባትሆንም ዱዓዋ አብሮህ መሆኑን ንገሪው ብላለች፤ ወገብህን በሞቀ ነገር ታስረው ዘንድም አደራ ትላለች። አባታችን ሰላም ብሎሃል፤ ስልክ ሲደወልልህ እንድታነሳ፣ የሚነግርህ ነገር እንዳለ አስጽፎኛል። ልጄ ሙሀይሚን የፊት ጥርሱን ነቅሏል፤ አጎቴ ፎቶዬን ይይልኝ ይላል። መምህር ሙዘይን እንደምጽፍልህ ሰምተው ሰላምታቸውን ልከዋል። ሳጂዳን ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። የልብስ ስፌቷን ይዛ ነበር፤ መርፌውን አጠለቀች። ከዚያ "ደህና ናት በይው" አለች።

ደህና ናት።

እህትህ ሀውራ ሀሚዱ
ሐይቅ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.